ጋሽ ወልዴ ባዶ የተዉአቸው ቀኖች

አቶ ወልደጊዮርጊስ ያላዩትን ሰማይ አየሁ ብለው አልጻፉም። ጽፈዋል ተብሎ ግን ተጻፈባቸው፤ ወሬውም አገር አዳረሰ። ያንን የጻፈው እኔም ጉልበቴን የጨረስኩበት መሥሪያ ቤት ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ ወደ ሌላ ጣቢያ የሚያዛውረኝ፣ ግምገማ ላይ የሚያስቆመኝ የለም። እንዲህ ስል እስከ ዛሬ ፈርቼ ዝም ብያለሁ ማለቴ አይደለም። ስናገር ነው የኖርኩት፤ የሚያውቁኝ ያውቁታል። በአፌ የተናገርኩት ሁሉ ግን አዳራሽ ውስጥ ቀረ። ስለዚህ አሁን እጽፈዋለሁ።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ስናደድ አማርኛው ይጠፋኛል፤ ወደ አፍ መፍቻዬ ወደ ካፊኖኖ ነው የምሄደው። መሥሪያ ቤቱ ሲቀጥረኝ ለጽዳት ነበር። የአየር ሁኔታ የምንለካበት ጣቢያችን ከቦንጋ ከተማ ከፍ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለ፣ በሽቦ የታጠረ ሜዳ ነው። የዝናብ መለኪያ፣ ቴርሞሜትር የሚቀመጥበት ነጭ ሣጥንና ሁለት ክፍል ቤት ነበረው። ኃላፊው ጋሽ ወልዴ የምንላቸው አቶ ወልደጊዮርጊስ ነበሩ፤ የሺሺንዳ ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ። ስለ ደመወዜ አላወራም፤ ትንሽ ነበር፣ በጊዜው ይመጣ ነበር፣ አለቀ።

ኦዞን የሚባለውን ስም የሰማሁት መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። አንድ ቀን ከጅማ በኩል የመጣ የጭነት መኪና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ሣጥን አመጣ። ሰዎች ተሸክመው ሲያወርዱት አንዱ፣ "እትዬ አልማዝ፣ ሟቹ ማነው?" አለኝ። እውነትም የሬሳ ሣጥን ይመስል ነበር።

"ገና አልሞተም፤ ቀስ ብለህ አውርደው" አልኩት።

ጋሽ ወልዴ አዲስ አበባ ሄደው ሥልጠና ወስደው ስለነበር ነገሩን አስረዱኝ። አውሮፕላን ከሚሄድበት በላይ፣ በጣም ሩቅ፣ ኦዞን የሚባል ጋዝ አለ። ቆዳና ዐይን የሚጎዳውን የፀሐይ ጨረር እሱ ነው የሚያስቀርልን። ጋዙ እየሳሳ ነው የሚል ሥጋት በዓለም ስላለ፣ ሳተላይት ላይ መለኪያ ተጭኖ በየቀኑ ከላይ ወደ ታች ያየዋል። እኛ ደግሞ በዚህ ሣጥን ከታች ወደ ላይ እናየዋለን።

"ሳተላይቱ ካየ እኛ ለምን እንደክማለን?" አልኳቸው።

"እሱን ማን ይመስክርለት?" አሉኝ። "አንዴ ከተሰቀለ ወጥቶ የሚወለውለው ሰው የለም። መስታወቱን ፀሐይ ይጎዳዋል፤ ቢሳሳት ራሱን አያውቅም። ደመና ሲኖር ደግሞ የሚያየው ከደመናው በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ከሥር ያለውን በግምት ይሞላዋል። ካፋ ላይ ደመና የሚጠፋው መቼ ነው?"

አለካኩንም እንዲህ ነበር ያስረዱኝ። "ሁለት ነጋዴዎች ቡና ጭነው ከቢታ ገነት ተነሡ በይ። አንዱን ኬላው ይቀርጠዋል፤ ሌላውን አይነካውም። አንቺ ቦንጋ ቁጭ ብለሽ ሁለቱ ይዘው የገቡትን ብታስተያዪ፣ ኬላው ምን ያህል እንደሚበላ ሄደሽ ሳታዪው ታውቂያለሽ። ነጋዴዎቹ ሁለት ዓይነት ብርሃን ናቸው፤ ኬላው ኦዞን ነው።"

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ መጥረጊያ ብቻ መሆኑ ቀረ። ሣጥኑን በጎማ እግሩ ከክፍሉ ወደ ሲሚንቶው እንገፋዋለን። አናቱ ላይ ፀሐይን ወደ ውስጥ የሚመልስ ብርጭቆ እንተክላለን። ጋሽ ወልዴ ጎንበስ ብለው የመለኪያው መርፌ መሐል ላይ እስክትረጋ መዘውሩን በጣቶቻቸው ጫፍ ያዞራሉ። ስትረጋ ቁጥሩን ይጠሩልኛል፤ እኔ ከሰዓቱ ጋር እጽፋለሁ። ሳተላይቱ የሚያልፈው ወደ እኩለ ቀን ገደማ ስለሆነ ያን ጊዜ አጥር ላይ ቆሞ የሚጣራ ሰው ከእኛ መልስ አያገኝም። ጎረቤት ኮርተዋል ይል ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ቅቤ ተቀብቼ ሥራ ገባሁ። ጋሽ ወልዴ በሩ ላይ አስቆሙኝ።

"ቅቤሽ ያምራል። መስታወቱ ግን አይወደውም" አሉኝ።

ሙቀት ሲነካው ተን ሆኖ ብርጭቆው ላይ ያርፋል አሉ። ከዚያ በኋላ በሥራ ቀን ራሴን በሻሽ ጠፍሬ ነው የገባሁት። ዋናው ጠላታችን ግን እርጥበት ነበር። ቦንጋ ክረምት ላይ ጫማ ይሻግታል፣ ቀበቶ ይሻግታል፣ መጽሐፍ ቅዱስም ይሻግታል። የሣጥኑ ሆድ እንዳይሻግት በውስጡ እርጥበት የሚመጥ ፍሬ በከረጢት ይቀመጣል፤ ደረቅ ሲሆን ሰማያዊ ነው፣ ውሃ ሲጠግብ ሮዝ ይሆናል። ሮዝ ሲሆን አውጥቼ በብረት ድስት ከሰል ላይ አደርቀዋለሁ። አንዷ ጎረቤቴ መጥታ፣ "ሰማያዊ ቆሎ ከየት አገኘሽ? እኔስ አይደርሰኝም?" ብላኝ ሁለታችንም ስቀናል።

ጋሽ ወልዴ ከመለካታቸው በፊት የሚያዩት ሰማይን አልነበረም፤ መሬትን ነው። ከዘራቸውን ሲሚንቶው ላይ ያቆሙና የጥላውን ጠርዝ ይመለከታሉ። ጠርዙ እንደ ምላጭ ስል ከሆነ ይለካሉ። ከደበዘዘ፣ ለዐይን የማይታይ ስስ ደመና አለ ማለት ነው፤ ቆመው ይጠብቃሉ። ካልጠራ የቁጥሩን ቦታ ባዶ ይተዉና ከጎኑ "ደመና" ብለው ይጽፋሉ። እንዲህ ያለው ቀን ብዙ ነበር። ሐምሌና ነሐሴማ ፀሐይን በስም ብቻ ነው የምናውቃት።

አንድ ቀን ያን ሁሉ ሰዓት ቆመው ሲጠብቁ አሳዘኑኝ። "ብልጭ ብላ ነበር እኮ፤ ለምን አይሞክሩም?" አልኳቸው።

"ብልጭ ስትል አይቻለሁ። አልለካኋትም ግን" አሉኝ። "አዲስ አበባ ያሉት ባዶውን ሲያዩ ያን ቀን እንዳላየን ያውቃሉ። እሱን ማወቃቸውም ከእኛ የሚፈልጉት ነገር ነው።"

ደግ ቀኖችም ነበሩን። አንድ በጋ ሰማዩ ጠርቶ ሰነበተና የእኛና የሳተላይቱ ቁጥር እንደተቀራረበ ከዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ ተነገረን። ተቀራረበ እንጂ አልገጠመም። "መቀራረቡ ነው ጤናው" አሉ ጋሽ ወልዴ፤ ወደ ከተማ ወርደውም ሁለት ለስላሳ ይዘው መጡ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ምንም ሲጋብዙ አላየሁም።

ከዚያ ግምገማ መጣ። የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ሠራተኛው አዳራሽ ይሰበሰባል፣ አንዱ ይቆማል፣ ሌላው ስለ ጥፋቱ ይናገራል። ጥፋት የለብኝም ያለ ሰው ሂስ የማይቀበል ይባላል፤ ያም ጥፋት ነው። ሰብሳቢው ከበላይ የተላከ ሰው ነበር። ተራው የጋሽ ወልዴ ሲሆን የጣቢያችንን ሪፖርት ከፍ አድርጎ አሳየ።

"ከዕቅዱ ግማሹ እንኳ አልተፈጸመም" አለ። "ሳተላይቱ በየቀኑ ሪፖርት ያደርጋል። አቶ ወልደጊዮርጊስ ባዶ ይልካሉ። ምን ሲሠሩ ነው የሚውሉት?"

"ደመና ነበር" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"ደመናው ለሳተላይቱ አልነበረም?"

"እሱ ከደመናው በላይ ነው።"

ከኋላ አንዱ፣ "እንግዲህ መሰላል ይሠራልዎ" አለ። አዳራሹ ሳቀ።

እኔ ተነሣሁ። "ባዶ የተዉት ታማኝ ስለሆኑ ነው" አልኩ። "ሳይለኩ ቢሞሉት ዕቅዱ ሙሉ ይሆን ነበር፤ እናንተም ታጨበጭቡላቸው ነበር።"

"ባዶ መተዋቸውን ምስክር አረጋገጠች" አለ ሰብሳቢው። ወደ ጸሐፊው ዞሮም፣ "ያዝ" አለው።

ለእሳቸው የተናገርኩት ቃል በእሳቸው ላይ ተያዘ። ደሜ ፈላ። በካፊኖኖ ስጀምር፣ "በሥራ ቋንቋ ይናገሩ" ተባልኩ። በሥራ ቋንቋም ነገርኳቸው፤ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። እኔን ሥርዓት የሌላት ብለው ተዉኝ። ጋሽ ወልዴን ግን ሥራ በመበደል ብለው ከኃላፊነት አነሡና ቢታ ገነት ላይ ዝናብ እንዲለኩ አዛወሯቸው። ሰብሳቢው ሲወጣ፣ "ደመና ከወደዱ ዝናቡንም ይቁጠሩት" ብሎ ሲስቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የሄዱ ዕለት ስንብት አላበዙም። ሣጥኑን ከፍተው ፍሬው ሰማያዊ መሆኑን አዩ፤ ዘጉት። "እንዲሁ ያዢው" ብለውኝ አይሱዙ ላይ ወጡ።

በቦታቸው ታረቀኝ የሚባል ባለ ዲፕሎማ መጣ። ንጹሕ ለባሽ፣ ሰው አክባሪ። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋሽ ወልዴ የቆሙበት አዳራሽ ውስጥ መቆምን። ዋናው መሥሪያ ቤት የሳተላይቱን ቁጥር ለማነጻጸሪያ በስልክ ይነግረን ነበር። ታረቀኝ የደመናውን ቀን ከዚያ እየገለበጠ ይሞላው ጀመር።

"ይህ ምንድነው?" አልኩት ያየሁት ዕለት።

"እትዬ አልማዝ፣ ሪፖርት ላይ ባዶ ቦታ አይወደድም።"

"ያላየኸውን እኮ ነው የጻፍከው።"

"ሳተላይቱ አይቶታል።"

"እኛ የተቀመጥነው ለእሱ ልንመሰክር ነው። ቃሉን ከአፉ ተቀብለህ መልሰህ ለራሱ ስትመሰክርለት፣ አንተ ምን ዓይነት ምስክር ነህ?"

"እርስዎ ልጆችዎን አሳድገው ጨርሰዋል" አለኝ ቀና ብሎ። "የእኔ ገና ናቸው።"

ትክክል ነህ አላልኩትም። መጀመሪያ እንዳለ ነበር የሚገለብጠው። ኋላ ሰው እንዳይነቃበት አንዳንዱን ቀን ትንሽ እየጨመረ፣ ትንሽ እየቀነሰ ይጽፍ ጀመር። ሣጥኑ ከክፍል የሚወጣበት ቀን እያነሰ ሄደ። ከዚያ ኮምፒውተር ተሰጠን። ታረቀኝ የቆየውን ንባብ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ ወደ ኋላ ሄዶ የጋሽ ወልዴንም ባዶ ቀኖች ሞላቸው።

"የእሳቸውን ለምን?" አልኩት።

"ያለፈው ጎዶሎ፣ የእኔ ብቻ ሙሉ ከሆነ ይጠይቁኛላ" አለኝ። በግልጽ ነው የነገረኝ፤ ምን ታደርጊኛለሽ ነው ነገሩ። ዋናው ወረቀት እዚህም አዲስ አበባም ቤት ይጠባል ተብሎ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ተወገደ።

ለበላዮቹ ሄጄ ተናገርኩ። ከሥራ ባልደረባ ጋር የማትግባባ ተባልኩና ጌሻ ወረዳ ወዳለችው ወደ ደካ ተዛወርኩ። ደካ ብርድ ነው። የዝናብ መለኪያ አንድ፣ እኔ አንድ። ጠዋት ጠዋት ውሃውን ለክቼ ስጽፍ፣ ያልዘነበበትን ቀን አልዘነበም ስል፣ ማንም አልተቆጣኝም። የጌሻ ሰው ደግ ነው፤ ጎመኑም ቆጮውም ከቤቴ አልጠፋም። ጥርሴን ነክሼ ግን ነው የቆየሁት።

የሚሌኒየሙ በዓል ካለፈ በኋላ የየጣቢያውን ንባብ የሚመረምር ቡድን ከአዲስ አበባ መጣ። መሪዋ ዶክተር ሜሮን የምትባል፣ የልጄ እኩያ የሆነች ሴት ናት። ቦንጋ ላይ ሣጥኑን የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ ከደካ አስጠሩኝ። ዶክተሯና ታረቀኝ አጠገቤ ቆመው ከፈትኩት። ፍሬው ሮዝ ነበር፤ ሮዝ ከሆነም ቆይቷል። ብርጭቆው ላይ ሻጋታው እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ብዙ ዓመት እንደ ዐይኔ ብሌን የጠበቅኩት ነገር ነው። አላለቀስኩም። ታረቀኝን ነው ያየሁት፤ እሱ ደግሞ ጫማውን ያያል።

ዶክተሯ ኮምፒውተሩን ከፈተችና ጠራችኝ። በደመናው ቀን ከእኛ የተላከው ቁጥርና የሳተላይቱ ቁጥር ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው አኃዝ አንድ ነው። "እናቴ፣ ሁለት ሰዎች አንድ መሬት በየራሳቸው ገመድ ቢለኩ እንዲህ ሊገጥምላቸው አይችልም" አለችኝ። ብልህ ናት፤ ውሸቱን ያገኘችው እሷ ናት፤ ይህን አልነፍጋትም።

"የሞላው እሱ ነው" ብዬ ታረቀኝን በጣቴ አሳየኋት።

"እኔ ስመጣም እንዲህ ነበር የሚሠራው" አለ ታረቀኝ።

"ይዋሻል።"

"የድሮውንም ዓመት ይዩት" አላት። "ሙሉ ነው።"

አየችው። ሙሉ ነበር። ኃላፊ በሚለው ቦታም የጋሽ ወልዴ ስም አለ።

"ኋላ ነው የተሞላው" አልኳት። "እኔ እዚሁ ነበርኩ። በባዶው እኮ ነው ግምገማ ላይ ያስነሷቸው። የጠራውን ቀን እንኳ ለይተሽ ተቀበያቸው።"

"ብለየው ደስ ይለኝ ነበር" አለች። እውነቷን ይመስለኛል። "እኩል የሆኑትን አወቅኳቸው። እኩል ያልሆኑት ግን ተነካክተው ይሁን አይሁን በምን ላውቅ? የቦንጋን ሁሉንም መተው አለብኝ።"

"የሰውየውስ ስም?"

"እኔ የመጣሁት ለቁጥሩ ነው እናቴ። ስለ ሰው የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ ነው።"

መሥሪያ ቤቱም ወሰነ። የሐሰት ንባቡ በመጀመሪያው ኃላፊ ጊዜ የተጀመረ ልማድ ነው ተብሎ ተጻፈ። የተጠቀሰው ስም የእሳቸው ብቻ ነው። ታረቀኝ ያን ጊዜ ዕድገት አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ዕቃውን ሸክፎ ነበር። ሣጥኑም ተጭኖ ሄደ፤ ጣቢያው ወደ ዝናብና ወደ ቴርሞሜትሩ ተመለሰ።

ጋሽ ወልዴ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ሺሺንዳ ገብተዋል። እዚያ የወሰን ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ሰዎች በመሬት ድንበር ሲጣሉ፣ ያዩትን ብቻ ይናገራሉ ተብለው የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ደሞዝ የለውም፤ እሳቸው ግን ከደሞዝ ሥራቸው ይልቅ የሚኮሩበት እሱ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር፣ ሰዎች ተሰብስበው ሽማግሌ ይመርጣሉ። አንዲት ሴት፣ "ጋሽ ወልዴ አሉ አይደል?" አለች።

ከተጣሉት አንዱ፣ "ሰማይን ያህል ነገር የዋሹ ሰው ለእኔ ለጎመን መደቤ ይመሰክራሉ?" አለ።

ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ቀልዱ ጥሩ ስለሆነ ነው። ጋሽ ወልዴ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉንም ሰምተዋል። እኔ ወደ ሰውየው ሄጄ በካፊኖኖ የሚገባውን ሰጠሁት፤ ገበያው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ።

"ነይ ተቀመጪ" አሉኝ ጋሽ ወልዴ።

"ለምን አይናገሩም? አፍ የለዎትም?"

"ምን ብዬ? ለገበያተኛው ሁሉ ስለ ብርሃን ላስረዳ?" ከዘራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ። ከዚያ፣ "ሣጥኑን ሲወስዱት ደረቅ ነበር?" አሉኝ።

"አልነበረም።"

ፊታቸውን ወደ ጓሮው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ሻይ ጠጥተን ስለ ልጆቻቸው አወራን፤ ስለ ሥራ አንድ ቃል አላነሱም።

ብዙም አልቆዩም። ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ከመሥሪያ ቤቱ የመጣ ሰው ነው። በቦንጋ ጣቢያ ማገልገላቸውን፣ በቢታ ገነት ዝናብ መለካታቸውን አነበበ። ስለ ኦዞኑ አንድም ነገር የለም። ሲጨርስ ጠጋ ብዬ፣ "የዘለልከው ምንድነው?" አልኩት።

"ለክብራቸው ሲባል ነው እትዬ" አለኝ በሹክሹክታ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላረፍኩም። የጠየቅሁት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ እሳቸው እንዳልሞሉት በጽሑፍ ይገለጽልኝ። ለዞኑ ቅሬታ ሰሚ አመለከትኩ፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ስለሆነ አይመለከተንም ተባልኩ። በፖስታ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ልጆቼ ተዪው እያሉኝ፣ ጉልበቴ እያመመኝ፣ አዲስ አበባ ድረስ ተመላለስኩ። ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ስብሰባ ላይ ነው፤ ሌላ ጊዜ ሲሄዱ ተዛውሯል። ዶክተር ሜሮንን ፈለግኋት፤ ለትምህርት ውጭ አገር ሄዳለች። ሳተላይቱ ራሱ ሥራ አቁሞ በሌላ ተተክቷል አሉኝ። እኔ ስለ ሳተላይቱ አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ስሄድ አንድ ወጣት ኃላፊ ቢሮው አስገባኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነው የተቀበለኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ሲያልቅ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ፈለገ። ቆየ። ሌላ ሰው ጠርቶ አብረው ፈለጉ።

"እማማ፣ የቦንጋ ንባብ በሙሉ ተሰርዟል" አለኝ።

"እሱን አውቃለሁ። ስለ ንባቡ አይደለም የመጣሁት፤ ስለ ሰውየው ነው። ዋሽተዋል ብላችሁ ጽፋችኋል። አልዋሹም ብላችሁ ጻፉ።"

እንደገና ኮምፒውተሩን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

"እዚህ መዝገቡ ውስጥ ቦንጋ ላይ የኦዞን ጣቢያ ነበረ የሚል ነገር የለም" አለኝ። "ጣቢያው ከሌለ ኃላፊም አልነበረውም ማለት ነው። ያልነበረ ሰው አልዋሸም ብዬ ልጽፍልዎ አልችልም እማማ።"